ክሩ እንጨቱን ሲነካ፦ ስለ ፍሬትለስ ቤዝ አመራረጥና አጨዋወት

(ለቤዝ ተጫዋቾች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ።

ፍሬትለስ ቤዝ፣ ማለትም አንገቱ ላይ የድምፁን ቦታ የሚወስኑት ቀጫጭን ብረቶች (ፍሬቶች) የሌሉት ቤዝ ጊታር፣ ለመግዛት ያሰበ ሰው ሲያማክረኝ መጀመሪያ የሚያነሳው የብራንዱን ነገር ነው። ፌንደር ይሻላል ወይስ አይባኔዝ? ባለ አራት ክር ልግዛ ወይስ ባለ አምስት? የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ፒክአፑስ? እነዚህ ጥያቄዎች ለማንኛውም ቤዝ የሚሆኑ ናቸው። ለፍሬትለስ ግን ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ ክሩ እንጨቱ ላይ እንዴት ነው የሚያርፈው? ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከዚህ ጥያቄ አይወጣም። አመራረጡም፣ የክሩ ዓይነትም፣ የጣት አቀማመጡም ከዚሁ ነው የሚመዘዘው።

ድምፁን እናስቀድም። ፍሬት ያለው ቤዝ ላይ ጣታችሁ ሲጫን ክሩ የሚቆመው ብረቱ ላይ ነው። ብረቱ ቀጭን ስለሆነ ክሩ አንድ ቦታ ላይ ቁርጥ ይላል፤ ድምፁም ወዲያው ጥርት ብሎ ይወጣል። ፍሬቱ ከሌለ ክሩን የሚያቆመው የጣታችሁ ሥጋና ከሥሩ ያለው እንጨት ነው። ክሩ ከጣታችሁ ተነስቶ ወደ ብሪጁ (ገላው ላይ ክሩ ወደሚያርፍበት ብረት) ሲሄድ ከእንጨቱ የሚርቀው በጣም ቀስ እያለ ነው። ስለዚህ ሲርገበገብ ከጣታችሁ ፊት ያለውን እንጨት እየዳሰሰ ነው የሚንቀጠቀጠው። ላይኛዎቹን ሃርሞኒኮች (ከዋናው ድምፅ በላይ አብረው የሚሰሙትን ቀጫጭን ድምፆች) ዘግየት አድርጎ የሚያወጣቸው ይሄ መዳሰስ ነው። ድምፁ ሲመታ ሳይሆን ከተመታ በኋላ ይከፈታል። ቤዚስቶች «ምዋ» የሚሉት እሱን ነው።

ብዙዎቻችሁ ይሄን ድምፅ ምንነቱን ሳታውቁ ሰምታችሁታል። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣውን የፖል ሳይመንን «ግሬስላንድ» የሰማ ሰው የሶዌቶውን ልጅ የባኪቲ ኩማሎን ፍሬትለስ ሰምቷል። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በነገራችን ላይ፣ «ዩ ካን ኮል ሚ አል» ውስጥ ያለችውን ያቺን አጭር የቤዝ ሶሎ ልቅዳ ብሎ የተቸገረ ሰው እዚህ ካለ ይጽናና። ሁለተኛው ግማሽ የመጀመሪያው ግማሽ ተገልብጦ ነው የተቀጠለው። ኩማሎ ራሱ በእጁ የተጫወተው ግማሹን ብቻ ነው።

ስለ ታሪኩ ብዙ አልቆይም። ሊዮ ፌንደር በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝን ሲያወጣ ፍሬት ያደረገበት አስቦበት ነው። ኮንትራባስ ትልቅ ነው፣ ለጉዞ አይመችም፣ ኤሌክትሪክ ጊታርና ከበሮ መሐል ይዋጣል፣ ድምፁን ሳይስቱ መጫወትም ዓመታት ይጠይቃል። ፍሬት ያለው ቤዝ ይሄን ሁሉ አቃለለ። አሥር ዓመት ቆይቶ ግን የሮሊንግ ስቶንሱ ቢል ዋይማን የአንድ ርካሽ ቤዝ ፍሬት ነቀለ። ሐሳቡ አዲስ ሊያስገባበት ነበር፤ ሲሰማው ድምፁን ወደደውና እንዳለ ተወው። አምፔግ በ1966 ፋብሪካ ሠርቶ የሸጠውን የመጀመሪያውን ፍሬትለስ አወጣ፤ ፌንደር በ1970 ተከተለ።

ቆም የምለው በፍሬትለስ የታወቀው የጃዝ ቤዚስት ጃኮ ፓስቶሪየስ ላይ ነው፤ እሱም ለዝናው ሳይሆን ለቤዙ አሠራር ስል ነው። ጃኮ የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው በ1976 ነው፤ ዌዘር ሪፖርት የሚባለው የጃዝ ባንድ የገባውም በዚያው ዓመት። ቤዙ የ1962 ፌንደር ጃዝ ቤዝ ሲሆን ፍሬቶቹ ተነቅለው ክፍተቶቹ ተሞልተዋል። ክሮቹ ራውንድዋውንድ ናቸው። የራውንድዋውንድ ክር በላዩ የተጠመጠመው ሽቦ ክብ ስለሆነ ሻካራ ነው፤ እንጨትን እንደ ሞረድ ይበላል። ጃኮ ደግሞ ያን ደማቅ ድምፅ ሊለቀው አልፈለገም። ስለዚህ ፊንገርቦርዱን (ጣት የሚጫንበትን የአንገቱን ገጽ) ለጀልባ የሚሆን ኢፖክሲ፣ ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ መሳይ ቅብ፣ ቀባው። ኢፖክሲው ሲደርቅ እንደ መስታወት ጠንካራ ሆነ። እንጨቱ ከመበላት ዳነ፤ ድምፁም ሌላ ሆነ። ምክንያቱም ክሩ አሁን የሚዳስሰው ጠንካራ ገጽ ነው፤ ጠንካራ ገጽ ደግሞ ላይኛውን ድምፅ አይውጥም። በዚያ ላይ የብሪጁን ፒክአፕ ከፍቶ፣ ቀኝ እጁን ወደ ብሪጁ አስጠግቶ ይጫወታል። «የጃኮን ቤዝ ግዛልኝ» የሚለኝ ሰው ሳይገባው የሚጠይቀኝ እነዚህን አራት ነገሮች ነው፦ ሻካራ ክር፣ ጠንካራ ገጽ፣ የኋላ ፒክአፕ፣ ወደ ብሪጁ የተጠጋ እጅ። የፌንደር አርማ አምስተኛ ነው፤ እሱም ከገባ ነው።

በተቃራኒው ቤዚስቱን ፒኖ ፓላዲኖን ስሙ። በ1983 እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ የወጣው የፖል ያንግ ዘፈን በእሱ ፍሬትለስ ነው የሚከፈተው። የያዘው ሚውዚክ ማን ስቲንግሬይ የሚባል ቤዝ ነው። ድምፁ ክብና ወፍራም ነው፤ እንደ ጃኮ አይናከስም። ሁለቱን ጎን ለጎን የሰማ ሰው «የፍሬትለስ ድምፅ» የሚባል አንድ ድምፅ እንደሌለ ይገባዋል።

እንግዲህ ወደ ግዢው።

ሱቅ ስትገቡ፣ ወይም አንድ ወዳጃችሁ ከውጭ ያመጣውን ልታዩ ስትሄዱ፣ ቤዙን አትሰኩት። አምፕ (ድምፅ ማጉያው) ብዙ ነገር ይሸፍናል። ቁጭ በሉ፣ ቤዙን ታቀፉ፣ ጆሯችሁን ላይኛው ቀንዱ ላይ አስደግፉና ተጫወቱ። ኤሌክትሪክ ሳይነካው በእንጨቱ በኩል «ምዋ» ካልሰማችሁ ፒክአፕ አያመጣውም። ከዚያ በእያንዳንዱ ክር ላይ ከነቱ (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሩ ከሚያልፍበት ድጋፍ) እስከ ፊንገርቦርዱ መጨረሻ በግማሽ ድምፅ፣ ማለትም በፒያኖ ተጎራባች ቁልፎች ልክ፣ እየረገጣችሁ ውጡ። ድምፁ ድንገት የሚሞትበት ወይም የሚንዛዛበት ቦታ ካለ እንጨቱ ደረጃውን ስቷል ማለት ነው። ፍሬት ያለው ቤዝ ላይ እንዲህ ያለውን ችግር አንድ ፍሬት በመሞረድ ታስተካክሉታላችሁ። ፍሬትለስ ላይ ግን ፊንገርቦርዱ በሙሉ መላግ አለበት፤ እሱን የሚችል እጅ ደግሞ በየሰፈሩ አይገኝም።

ቀጥሎ መብራት ፈልጉ። ፊንገርቦርዱን አጋድላችሁ ብርሃኑ በጎን እንዲመታው አድርጉ። ክሮቹ በሚያርፉበት መሥመር ላይ ጎድጓዳ ምልክት ካለ ቤዙ በሻካራ ክር ብዙ ተደብድቧል። ትንሽ ከሆነ በመላግ ይጠፋል፤ ጥልቅ ከሆነ ዋጋውን አስቀንሱ ወይም ተዉት። የእንጨቱንም ዓይነት እዩ። ኢቦኒ ጠንካራ ስለሆነ ይሄን ይቋቋማል። ሮዝውድ ይለሰልሳል፣ ድምፁም ሞቅ ያለ ነው። ሜፕል ከሆነ በላዩ ቅብ መኖሩን እዩ። ኢፖክሲ የተቀባ ካጋጠማችሁ ዳርና ዳሩ አለመሰንጠቁን አረጋግጡ።

ነቱን እዩ። ብዙ ሰው የማያየው እሱን ነው። ፋብሪካ የሠራው ጥሩ ፍሬትለስ ላይ ክሩ ከነቱ ሲወጣ ከእንጨቱ ጋር ሊነካካ የቀረ ነው። ፍሬቱ በኋላ የተነቀለ ቤዝ ላይ ግን ነቱ ሳይወርድ ይቀራል፤ በፍሬቱ ቁመት ልክ ክሩ ከፍ ብሎ ይንጠለጠላል። እንዲህ ያለ ቤዝ ነቱ አጠገብ ለመጫን ይከብዳል፣ ስትጫኑትም ክሩ ይወጠርና ድምፁ ከፍ ይላል። ሰዎች «ታች ላይ ፎልስ ይሆንብኛል» ሲሉ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የነቱ ነው። ደግነቱ ርካሽ ሥራ ነው፣ ይስተካከላል።

የፍሬቶቹ ቦታ በመሥመር የተሰመረበት ይሻላል ወይስ መሥመር የሌለው? መሥመር ያለው ቤዝ መያዝ የሚያሳፍረው ሰው አለ፤ ምኑ እንደሚያሳፍር አልገባኝም። የጃኮ ቤዝ የተሞሉት ክፍተቶች እንደ መሥመር ይታዩበት ነበር። የመሥመሩ ችግር ሌላ ነው፦ ቤዙን ታቅፋችሁ ከላይ ስታዩት መሥመሩና ጣታችሁ በግድም ነው የሚታዩት፤ ዓይናችሁ «ደርሰሃል» ሲላችሁ ጣቱ ገና ነው። መሥመሩን መሐል ላይ ሳይሆን የአንገቱ ጠርዝ ላይ እዩት። መሥመር የሌለውን ከገዛችሁ ደግሞ የጎኑን ነጥቦች መርምሩ። አንዳንዱ ቤዝ ላይ ነጥቡ ያለው ልክ ድምፁ በሚገኝበት ቦታ ነው፤ አንዳንዱ ላይ ግን ፍሬት እንዳለው ቤዝ በሁለት ድምፆች መሐል ነው። ሻጩ ሳይነግራችሁ ገዝታችሁ ማታ መድረክ ላይ ብታውቁት የግማሽ ድምፅን ግማሽ ያህል ስታችሁ ታመሻላችሁ።

«ያለኝን ቤዝ ፍሬቱን ልንቀለው?» ትላላችሁ። ይቻላል። ፍሬቱ በመበየጃ ካውያ ይሞቅና በጉጠት ቀስ እየተባለ ይነሳል፣ ክፍተቱ በቀጭን እንጨት ይሞላል፣ ከዚያ ይላጋል። ክፍተቱን ባዶውን መተው አይሆንም፤ አንገቱ ይደክማል፣ በክሩ ውጥረት ወደ ፊት ይጎብጣል። ርካሽና ትርፍ ቤዝ ካላችሁ ሞክሩት። ብቸኛ ቤዛችሁን ግን አትንኩ። ከስኳየር (የፌንደር ርካሽ ብራንድ) የሚወጣ የፋብሪካ ፍሬትለስ ጃዝ ቤዝ በመጠነኛ ዋጋ ይገኛል፤ ለጀማሪ እሱ ይበቃል።

ክር ላይ ሦስት ምርጫ አላችሁ። ራውንድዋውንድን አይተናል። ፍላትዋውንድ በላዩ የተጠመጠመው ሽቦ ጠፍጣፋ ስለሆነ ለስላሳ ነው፤ እንጨቱን አይጎዳም፣ ጣት ሲንሸራተት አይፏጭም፣ ድምፁ ግን ጨለም ይላል፣ «ምዋ»ውም ይቀንሳል። ሦስተኛው በናይለን የተጠቀለለው ነው፤ ወደ ኮንትራባስ የተጠጋ ድምፅ አለው። ኢፖክሲ የሌለው ፊንገርቦርድ ላይ ለሚጀምር ሰው እኔ ፍላት ነው የማዘው። ጆሮ እስኪላመድ ድረስ እጅ ብዙ ይንሸራተታል፤ በዚያ ሁሉ መንሸራተት እንጨቱ አይበላ። ክር ስትቀይሩ ብሪጁን እንደገና አስተካክሉ፦ አሥራ ሁለተኛው ቦታ (አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ይሆንበት የነበረው የክሩ አጋማሽ) ላይ ክሩን በስሱ ነክታችሁ የሚወጣው ሃርሞኒክና ጣት ተጭኖ የሚወጣው ድምፅ እኩል መሆን አለባቸው። አለበለዚያ መሥመሩ ራሱ ይዋሻችኋል።

ስለ ሴትአፕ (ስለ አንገቱና ስለ ክሩ ከፍታ ማስተካከል) አንድ ነገር ብቻ። አንገቱ ሊቃና የቀረ፣ ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ የጎበጠ ይሁን፤ ክሩም ዝቅ ይበል። ክሩ ከፍ ካለ እንጨቱን አይዳስስም፣ የከፈላችሁበት ድምፅ አይመጣም። እዚህ አገር ደግሞ በጋና ክረምት አየሩ ይለያያል፣ እንጨትም ይንቀሳቀሳል። ሰኔ ላይ የሚያምር የነበረ ቤዝ ጥር ላይ ቢንዛዛ አትደናገጡ፤ ትረስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን የማቃኛ ብረት) በትንሹ ማዞር ነው። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አትሂዱ።

ወደ አጨዋወቱ እንምጣ። የተለመደው ቤዝ ከነት እስከ ብሪጅ 34 ኢንች፣ ማለትም 86.4 ሴንቲ ሜትር ነው። ከክፍት ክር እስከ መጀመሪያው ግማሽ ድምፅ 48 ሚሊ ሜትር ተኩል ነው፤ ከኦክታቩ (ያው ድምፅ ቀጥኖ ከሚገኝበት የክሩ አጋማሽ) ወዲያ ያለው ግማሽ ድምፅ ግን 24 ብቻ ነው። ግማሽ ድምፅን 100 ሴንት ብለን ብንከፍለው፣ ነቱ አጠገብ አንድ ሚሊ ሜትር ብትስቱ 2 ሴንት ነው፤ ኦክታቩ አጠገብ ያው አንድ ሚሊ ሜትር 4 ሴንት ይሆናል። ሁለት ነገር ከዚህ ይከተላል። ላይ ስትወጡ ስሕተታችሁ በእጥፍ ይሰማል። ታች ደግሞ አራት ጣት ለአራት ግማሽ ድምፅ ዘርግታችሁ ልክ ልታርፉ አትችሉም፤ እጅ ይወጠራል፣ የተወጠረ እጅ ደግሞ ይስታል። ከአምስተኛው ቦታ በታች የኮንትራባስ ሰዎችን አያያዝ ውሰዱ፦ አንደኛ፣ ሁለተኛና ትንሿ ጣት፤ ቀለበቷ ትንሿን ትደግፍ። ፍራንትስ ሲማንድል ለኮንትራባስ ያወረሰው ዘዴ ነው፤ እዚህም ይሠራል።

ጣቱ የሚያርፈው መሥመሩ ላይ ነው። ፍሬት ባለው ቤዝ ከፍሬቱ ኋላ መጫን ለምዳችኋል፤ ያንን ልማድ ይዛችሁ ከመጣችሁ ሁልጊዜ ዝቅ ብላችሁ ትጫወታላችሁ። አዲስ ሰው ፍሬትለስ ላይ ዝቅ የሚለው ጆሮው ስለደነቆረ ሳይሆን በዚህ ልማድ ነው።

ልምምዱ ላይ ቱነር (ድምፁ ልክ መሆኑን የሚያሳየውን መሣሪያ) እያያችሁ አትጫወቱ። ቱነር ዓይንን ነው የሚያስተምር። ኪቦርድ ወይም ስልክ ላይ አንድ ድምፅ ያዙና በላዩ ረጅም ረጅም ድምፅ አውጡ። ኤ ክር ላይ ኦክታቩን ስትረግጡ 110 ኸርዝ ነው። ያን ያህሉን ይዛችሁ አንድ ሚሊ ሜትር ብትስቱ በሁለቱ ድምፆች መሐል በየአራት ሰከንዱ አንድ ጊዜ የሚተነፍስ ማዕበል ትሰማላችሁ። ማዕበሉ ሲረጋ ደርሳችኋል። ስለዚህ ድምፁ ረጅም ይሁን፤ በአጭር ድምፅ ላይ ማዕበሉ ለመሰማት ጊዜ አያገኝም።

መጀመሪያ የምትሠሩት የስኬሉን መነሻ፣ ኦክታቩንና አምስተኛውን ድምፅ ይሁን። ሦስተኛውን አቆዩት፤ ምክንያት አለው። ከድሮን (ሳይቋረጥ ከተያዘ አንድ ድምፅ) ጋር ስትጫወቱ ጆሮ የሚወደው ንጹሕ ሜጀር ሦስተኛ ከኪቦርዱ ሦስተኛ በ14 ሴንት ገደማ ዝቅ ይላል። ይሄ ከፍ ባለው ቦታ ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ቤታችሁ ብቻችሁን አሳምራችሁ የለመዳችሁት ሦስተኛ ባንድ ውስጥ ገብቶ ኪቦርዱ ሲይዘው ይጣላል። አምስተኛው ላይ ልዩነቱ 2 ሴንት ብቻ ስለሆነ ማንም አይሰማው። ሦስተኛውን ከኪቦርድ ጋር ተለማመዱት።

እዚህ ላይ ስለ ማሲንቆ ሳላነሳ አላልፍም፤ ምክንያቱም ሁሌ «እኛ እኮ ማሲንቆ አለን፣ ፍሬትለስ ለኛ አዲስ አይደለም» የሚል ሰው አይጠፋም። ግማሹ እውነት ነው። የማሲንቆ ተጫዋች ድምፁን የሚያገኘው በጆሮው ነው፤ አንቺሆዬን ሲጫወት ፒያኖ የሚሰጠውን ቦታ አይጠብቅም። ማሲንቆና ክራር ካለበት ባንድ ጋር የምትጫወቱ ከሆነ ፍሬትለሱ ወደ እነሱ ሊጠጋ ይችላል፤ ፍሬት ያለው ቤዝ ይሄን አይችልም። ግማሹ ግን ስሕተት ነው። የማሲንቆው ክር አንገቱን አይነካም፤ ጣት ክሩን ይነካዋል እንጂ እንጨት ላይ አይጫነውም፤ የሚያጮኸውም ደጋን ነው። ስለዚህ «ምዋ» የሚባል ነገር ማሲንቆ ላይ የለም። ከማሲንቆ የምንወስደው የድምፁን ቀለም ሳይሆን ወደ ድምፅ አገባቡን ነው፦ ከየት ተነስቶ እንደሚገባ፣ የቱ ጋ ደርሶ እንደሚቆይ።

ይሄን ያነሳሁት መንሸራተት ላይ የምለው ስላለኝ ነው። ፍሬትለስ የያዘ ሰው የመጀመሪያው ፈተና ሁሉንም ድምፅ እየተንሸራተቱ መግባት ነው። ደስ ይላል፤ አድማጭን ግን ቶሎ ያሰለቻል። ከዚያም የባሰ፣ መንሸራተት የስሕተት መደበቂያ ይሆናል፦ ስቶ የገባ ጣት ተንሸራቶ ይስተካከላል፣ ተጫዋቹም «ስታይል» ይለዋል። ባለ አራት መሥመር ዜማ ውስጥ አንድ ጊዜ ተንሸራተቱ፤ የቀሩትን ድምፆች በቀጥታ ርገጡ። በቀጥታ መርገጥ የሚችል ሰው ሲንሸራተት ነው የሚያምርበት። ቪብራቶም እንዲሁ ነው። ጊታር ላይ እንደምታደርጉት ክሩን ወደ ጎን አትጎትቱ፤ ጣታችሁን በክሩ ርዝመት ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንከባልሉት፣ እንደ ቼሎ ተጫዋች። ቀስ ያለ ይሁን፤ ድምፁ ከተከፈተ በኋላ ይጀምር።

መድረክ ላይ ትልቁ ጠላት ድምፅ መብዛቱ ነው። ክፍት ኢ ክር 41 ኸርዝ ነው። የሰው ጆሮ እዚያ ታች ሆኖ የድምፁን ከፍታ በደንብ አይለይም፤ የሚለየው ከላዩ ባሉት ሃርሞኒኮች ነው። አምፑ ላይ ወፍራሙን ድምፅ ከፍ አድርጎ መካከለኛውን የሚቀንስ ሰው የራሱን ጆሮ ነው የሚደፍነው። ሞኒተራችሁ ላይ መካከለኛውን ክፈቱ። አዳራሹ ውስጥ ድምፃችሁ አይጥማችሁ ይሆናል፤ ግን ትሰሙታላችሁ። በ80ዎቹ ፍሬትለስ ላይ ኮረስ የሚባል ኢፌክት መጨመር ፋሽን ነበር። ኮረስ ድምፁን ከፍና ዝቅ እያደረገ ስለሚያወዛውዘው ትንሽ መሳትን ይሸፍናል። ለዘፈኑ ካማረበት ተጠቀሙበት፤ ቤት ስትለማመዱ ግን ይጥፋ።

ሁለት ቤዝ ይዤ መጥቻለሁ። ጥቁሩ ኢፖክሲ የተቀባ፣ ራውንድዋውንድ ክር ያለው ነው። ሌላው ሮዝውዱ እርቃኑን ያለ፣ ፍላት የታሠረበት። አንድ ዜማ በሁለቱም እጫወታለሁ፤ መጀመሪያ ሳይሰካ፣ ቀጥሎ በአምፕ። ከዚያ መሞከር የፈለገ ይምጣ። ጥቁሩ ላይ እንደፈለጋችሁ ሁኑ። የሮዝውዱን ክር ግን ወደ ጎን የሚጎትትብኝ ሰው የመላጊያውን ይከፍላል።